የእንጦጦ ሁለት ጎብኚዎች፦ የማኅበራዊ ሚዲያ የመገኛ ቦታ መረጃ ለከተማ ቱሪዝም ጥናት ያለው ጥቅምና ወሰን

አንድ ከተማ በዓመት ስንት እንግዳ እንደሚቀበል በግምትም ቢሆን ማወቅ ይቻላል። የኢሚግሬሽን መዝገብ፣ የሆቴሎች የእንግዳ መዝገብና የሙዚየሞች የመግቢያ ትኬት እያንዳንዳቸው የሚናገሩት ነገር አለ። የሚያስቸግረው እንግዳው ካረፈበት ቤት ከወጣ በኋላ ያለው ነው፤ የት እንደዋለ፣ በየትኛው መንገድ እንዳለፈ፣ የትኛው ሥፍራ ላይ ሁለት ሰዓት እንደቆየና የትኛውን በመኪና መስኮት አይቶ ብቻ እንዳለፈ። መጸዳጃ ቤት፣ የመንገድ ምልክት፣ የታክሲ ተራ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫና የአስጎብኚዎች መቆሚያ የት ይሁን የሚለው ውሳኔ በዚህ እውቀት ላይ የሚመሠረት በመሆኑ ጉዳዩ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። በመንገድ ዳር ቡና የምታፈላ እናት፣ አልጋ የሚያከራይ የፔንሲዮን ባለቤት፣ ዘመዱን ለማሳከም ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሁሉ ከመልሱ ይጠቀማል ወይም ይጎዳል።

ቀደም ሲል ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው መጠይቅ የያዙ ሠራተኞችን በየአደባባዩ በማቆም ነበር። ይህ መንገድ ዛሬም አስተማማኝ ቢሆንም ወጪው ከፍተኛ ነው፤ የሚሸፍነውም ጥቂት ቀናትንና ጥቂት ቦታዎችን ብቻ ነው። ስለሆነም ካለፉት አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመታት ወዲህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ጎብኚው ራሱ ወደሚተወው ዱካ አዙረዋል። በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ባለቤቱ ካልከለከለው በቀር፣ የተነሣበትን ቀን፣ ሰዓትና የጂፒኤስ ነጥብ በውስጡ ይይዛል። ፎቶግራፉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ነጥቡም አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ወይም ለጣፊው ከቀረበለት ዝርዝር ውስጥ የቦታ ስም መርጦ ያያይዛል። እነዚህ ነጥቦች በሺሕ ሲሰበሰቡ በካርታ ላይ እንደ ፍም የሚያበሩ ሥፍራዎች ይታያሉ።

የዘርፉ የመጀመሪያ ሥራዎች ካርታውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ለመለየት የሞከሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፋብየን ዢራርደንና ባልደረቦቹ በሮም ከተማ ላይ ባወጡት ጥናት ፍሊከር በተባለው የፎቶግራፍ ገጽ የተለጠፉ ምስሎችንና ከሞባይል ኔትወርክ የተገኘ መረጃን አንድ ላይ በመመልከት የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ ለመከታተል ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አሜሪካዊው ኤሪክ ፊሸር የበርካታ የዓለም ከተሞችን ካርታ በሦስት ቀለማት አዘጋጀ። በአንድ ከተማ አንድ ወርና ከዚያ በላይ በሚሸፍን ጊዜ ውስጥ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው የከተማው ነዋሪ ተቆጥሮ በሰማያዊ ተመለከተ። የሌላ ከተማ ነዋሪ መስሎ የታየና በዚህኛው ከአንድ ወር ላነሰ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ጎብኚ ተብሎ በቀይ ተሣለ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያልታወቀው ቢጫ ሆነ። ሥራው ቀላልና ማራኪ በመሆኑ ብዙ ተከታዮችን አፍርቷል፤ ዛሬ በየሀገሩ የሚቀርቡ የጎብኚ ካርታዎችም አብዛኛዎቹ በዚህ ወይም በዚህ መሰል መለኪያ የተሠሩ ናቸው።

ዘዴው ባዶ ተስፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በ31 ሀገሮች የሚገኙ 836 የመዝናኛና የጉብኝት ሥፍራዎችን ወስዶ የፍሊከር ፎቶግራፎችን ብዛት በይፋ ከተመዘገበው የጎብኚ ቁጥር ጋር አነጻጽሯል፤ ሁለቱ በአመዛኙ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ሆነው ተገኝተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ በፊንላንድና በደቡብ አፍሪካ 56 ብሔራዊ ፓርኮች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ኢንስታግራም ከፍሊከርና ከትዊተር የተሻለ አመልካች መሆኑን አሳይቶ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አክሏል። መረጃው የሚያስተማምነው ብዙ ሰው በሚያዘወትራቸው ፓርኮች ነው፤ ጎብኚያቸው ጥቂት በሆኑት ላይ ይዳከማል። ሁለቱም ጥናቶች በዋናነት የተፈጥሮ ሥፍራዎችን የሚመለከቱ ቢሆኑም ማስጠንቀቂያው ለከተማ በተለይ ይሠራል። ቀድሞውኑ የታወቀውን ቦታ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያልታወቀውን ለማግኘት የምንጠቀምበት ከሆነ የሚነግረን የምናውቀውን ብቻ ነው።

አንዳንዴም ካርታው የሚያስገርም ነገር ያሳያል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ የፍሊከር ፎቶግራፎችን ሲመረምሩ፣ በኒው ዮርክ እጅግ ከተነሡት ሥፍራዎች መካከል የአፕል ኩባንያ መደብር ከከተማዋ ታላላቅ ሐውልቶችና ሕንፃዎች ተርታ ተሰልፎ አግኝተውታል። ይህ ማለት ሰው ከአትላንቲክ ማዶ ሱቅ ለማየት መጣ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ እነማን እንደነበሩ ግን በደንብ ይናገራል።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋ አዳዲስ የጉብኝት ሥፍራዎች ተከፍተውላታል፤ አንድነት ፓርክና ወዳጅነት አደባባይ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም.። እነዚህ ሥፍራዎች ለፎቶግራፍ የተመቹ በመሆናቸው በማኅበራዊ ሚዲያ ካርታ ላይ እንደሚያበሩ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። ከእነዚህ ውስጥ እንጦጦ ነገሩን በሚገባ ያስረዳል፤ ምክንያቱም በአንዱ ተራራ ላይ ሁለት ዓይነት ጎብኚ አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ከቤተሰቡ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ፓርኩ የሚወጣው ነው። በባሕር ዛፎቹ መካከል ይራመዳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከተማዋን ከላይ ሆኖ ይመለከታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የፓርኩን ስም አያይዞ ይለጥፋል። ሁለተኛው ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የመጣው ነው። ይህ ሰው ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ ወይም ከሌላ የሀገሪቱ ክፍል ታሞ ወይም ታማሚ ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚቆየው ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሱባዔው እስኪፈጸም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ነው። ቤት ይከራያል፣ ምግብ ይገዛል፣ በታክሲ ይመላለሳል። በጠበሉ ሥፍራ ግን ፎቶግራፍ አያነሣም፤ ማንሣቱም ነውር ነው። ስልክ ቢኖረው እንኳ ድምፅ ለመስማትና ለማሰማት እንጂ ለመለጠፍ የያዘው አይደለም። በካርታው ላይ ይህ ሰው የለም።

በቱሪዝም ስታቲስቲክስ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ መሠረት ግን ከሁለቱ ይልቅ ጎብኚነቱ የማያጠያይቀው ይኸው ሁለተኛው ነው። ትርጓሜው ከመደበኛ መኖሪያ አካባቢው ወጥቶ፣ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ፣ በሄደበት ቦታ ላለ ድርጅት ተቀጥሮ ለመሥራት ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ የተጓዘን ሰው ጎብኚ ይለዋል፤ ሌሊት ካደረ ደግሞ ቱሪስት ይባላል። ሃይማኖታዊ ጉዞና ሕክምና በግልጽ ከጉዞ ዓላማዎች ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልጁን ለማሳከም ከደብረ ብርሃን መጥቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ የያዘ አባት፣ መርካቶ ዕቃ ሊገዛ ከጅማ የመጣ ነጋዴ፣ ለዘመድ ሠርግ የመጣች አክስት ሁሉም በትርጓሜው የከተማዋ ቱሪስቶች ናቸው። በአንጻሩ ከቦሌ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ የተመለሰው የአዲስ አበባ ነዋሪ በመደበኛ መኖሪያ አካባቢው ውስጥ የተዝናና ሰው ነው። የአገልግሎት መስጫ ቦታ በካርታው ብቻ ቢወሰን የሚበዛው የት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ መጸዳጃና የመጠጥ ውኃ ቀድሞውኑ ወዳለበት የፓርኩ ክፍል ይሄዳል።

በቀይና በሰማያዊ የመለየቱ ዘዴም ለእኛ ሀገር እንግዶች ጠባብ ልብስ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለገናና ለጥምቀት መጥቶ ስድስት ሳምንት በእናቱ ቤት የሚቆይ ኢትዮጵያዊ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአንድ ወር መለኪያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ማለትም እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ሆቴል ስለማያድር በሆቴል መዝገብም አይገኝም። ይሁን እንጂ የሀገር ባህል ልብስ የሚያሰፋው፣ መኪና የሚከራየው፣ ዘመዶቹን ይዞ ላሊበላና ባሕር ዳር የሚወርደው እሱ ነው። ከሐዋሳ ለሦስት ቀን መጥቶ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ የለጠፈ ወጣት ደግሞ በሌላ ከተማ ነዋሪ መሆኑን የሚያሳይ ዱካ ከሌለው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የዲያስፖራውና የሀገር ውስጥ ተጓዡ ወጪ በከተማዋ ኢኮኖሚ ውስጥ ያለውን ቦታ ለሚያውቅ ሰው፣ ሁለቱን የሳተ መለኪያ የከተማዋን ቱሪዝም ለካሁ ማለቱ ያስቸግራል።

ከዚህ ሌላ በመረጃው ውስጥ የተደበቁ ሦስት አራት ወጥመዶች አሉ። ብዙ ሰው ትክክለኛውን ሥፍራ ሳይሆን «አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ» የሚለውን ጥቅል ስም መርጦ ይለጥፋል። ኮምፒዩተሩ ይህን ስም በካርታ ላይ ሲያስቀምጥ በከተማው መካከል ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይጥለዋል፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ልጥፎችም ማንም ባልቆመበት ሥፍራ ላይ ይከመራሉ። ያላወቀ አጥኚ ያን ነጥብ ታላቅ የቱሪስት መስሕብ ብሎ ሊያቀርበው ይችላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም እንዲሁ ነው፤ አውሮፕላን ለመቀየር ሦስት ሰዓት የቆየ መንገደኛ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ የለጠፈው ምስል ከተማዋን እንደጎበኘ ያስቆጥረዋል። የአንድ ሰፈር ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ስለሚጻፍም፣ ስሞቹ ካልተሰበሰቡ አንዱ ሥፍራ ተበታትኖ ትንሽ መስሎ ይታያል።

ጊዜም ራሱን የቻለ ችግር አለው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በሀገራችን ተገድበው ነበር። በእነዚያ ወራት የልጥፍ ቁጥር ቢቀንስ ከተማዋ እንግዳ አጣች ብሎ መተርጎም አይቻልም። በሌላ በኩል የፍሊከርን የመሰሉ የቆዩ ክምችቶች የፒያሳን አሮጌ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች የሚያሳዩ ምስሎችን ይዘዋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የሰፈሩ ገጽታ ስለተለወጠ፣ በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ የተመሠረተ ካርታ ሰዎችን ወደሌለ ቤት ይመራል። ለታሪክ ጥናት ግን፣ በዚሁ ምክንያት፣ ክምችቱ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የመረጃው ምንጭም በማንኛውም ጊዜ ሊደርቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት ከተገለጠ በኋላ ኢንስታግራም ለውጭ ፕሮግራሞች ከፍቶት የነበረውን የመረጃ በር በእጅጉ አጠበበ። ትዊተር በ2019 ትክክለኛ የጂፒኤስ ነጥብ ከልጥፍ ጋር ማያያዝን አስቀረ፤ በ2023 ደግሞ ለተመራማሪዎች በነፃ ይሰጥ የነበረውን መረጃ በክፍያ አደረገ። ለዓመታት በአንድ ኩባንያ መረጃ ላይ ብቻ የተደገፈ ከተማ በአንድ ማለዳ መለኪያውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። በእኛ በኩል ሌላ ጉድለት ይጨመራል፤ ብዙው የሀገራችን ተጠቃሚ የሚገኝባቸው ቴሌግራምና ቲክቶክ፣ ዘርፉ ከተገነባበት ከፍሊከር በተለየ፣ የጂፒኤስ ነጥብን ከምስል ጋር ለሕዝብ የሚያሳዩ አይደሉም።

እስካሁን የተመለከትነው በካርታው ላይ ስለማይታየው ሰው ነው። የሚታየውም ሰው የራሱ ሥጋት አለው። «ስም ስለሌለበት ጉዳት የለውም» የሚለው ማስተማመኛ በተደጋጋሚ ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የ15 ወራት የሞባይል ስልክ መረጃ መርምሮ፣ የአንድ ሰው እንቅስቃሴ በአራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ ከሌላው ሁሉ ሊለይ እንደሚችል አሳይቷል፤ ይህም ለ95 በመቶው ሰው እውነት ሆኖ ተገኝቷል። አራት ነጥብ ማለት ሰኞ ጠዋት ቤት፣ ቀን መሥሪያ ቤት፣ ረቡዕ ማታ ክሊኒክ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ማለት ነው። በ2018 መጀመሪያ ላይም ስትራቫ የተባለው የሩጫና የብስክሌት መተግበሪያ ያወጣው የድምር ካርታ፣ የማንም ስም ሳይኖርበት፣ በበረሃ መካከል ያሉ የጦር ሠፈሮችን ቅርጽ አጋልጧል። ሯጮቹ ወታደሮች ነበሩና።

በሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አንድን ሰው ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል መረጃ የግል ዳታ ነው፤ ከላይ እንዳየነው የመገኛ ቦታ ዱካ ይህን ያስችላል። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የግል ዳታ ካለ እንዲነገረው፣ የተሳሳተው እንዲታረምለት፣ በሕግ በተመለከተው ሁኔታም እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አለው። ልጥፉ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ባለቤቱ ለማንኛውም ጥናትና ለማንኛውም ንግድ ፈቅዷል ማለት አለመሆኑን የሚዘነጉ አጥኚዎች፣ ሕጉን ከማወቃቸው በፊት ሥራቸውን ባይጀምሩ ይመረጣል።

ተገልጋዩ በራሱ እጅ ያለውም ቀላል አይደለም። በአብዛኞቹ ስልኮች የካሜራውን ቅንብር ከፍቶ ቦታ የሚመዘግበውን ምርጫ ማጥፋት ይቻላል። ፌስቡክና ኢንስታግራም ምስል ሲለጠፍ በውስጡ ያለውን የቦታ መረጃ ለሌላ ተመልካች እንዳይታይ ያስወግዳሉ፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ግን ከመለጠፉ በፊት ሊያነቡት ይችላሉ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ምስልን እንደ ፎቶ መላክና እንደ ፋይል መላክ ይለያያሉ፤ እንደ ፋይል የተላከው የተነሣበትን ቦታና ሰዓት እንደያዘ ለተቀባዩ ይደርሳል። የቤት ኪራይ ማስታወቂያ፣ የሚሸጥ ዕቃ ወይም የልጆች ፎቶግራፍ ለማያውቁት ሰው በዚህ መንገድ የሚልኩ ሰዎች አድራሻቸውን አብረው እየላኩ መሆኑን ልብ አይሉትም።

ይህ ሁሉ ሲባል መረጃው ይጣል ማለት አይደለም። በመስከረም 16 የደመራ ምሽት በመስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ በጥምቀት ዋዜማ በጃንሜዳ፣ በኢሬቻ ሰሞን ሕዝቡ ከየት ወደ የት እንደሚፈስ በሰዓታት ውስጥ የሚያሳይ ሌላ ርካሽ መሣሪያ የለም። በአንድ የጉብኝት ሥፍራና በሌላው መካከል እንግዳ የሚያቋርጥባቸውን መንገዶች ለማወቅም ይጠቅማል። ጥያቄው ከምን ጋር ተዳምሮ ይነበብ የሚለው ነው። የትኬት ቁጥር አለ፣ የሆቴልና የፔንሲዮን መዝገብ አለ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያዎች የሚሸጥ ትኬት አለ። የጎብኚ ካርታ የሚቀርብለት የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ኃላፊም ሆነ በዚያ ካርታ ተማምኖ ሱቅ ሊከፍት ያሰበ ነጋዴ፣ ልጥፎቹ ከየትኛው ገጽና ከየትኛው ዓመት እንደተሰበሰቡ፣ ስንት ልዩ ልዩ ሰዎች እንደለጠፏቸው፣ ጥቅል የከተማ ስም የያዙት ተነጥለው እንደሆነ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። መቶ ፎቶግራፍ የለጠፈ አንድ ሰው መቶ ጎብኚ አይደለም።

ለጠበሉ ሰው ደግሞ የሚያዋጣው የድሮው ዘዴ ነው፤ በመንገዱ መጋጠሚያ ላይ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ የሚቆጥር ሠራተኛ። ይህም ቢሆን የሀገሩን አቆጣጠር የሚያውቅ ሊሆን ይገባል። ቅዳሜና እሑድ ፓርኩን ያጨናንቁታል፤ የኪዳነ ምሕረት ሕዝብ የሚበረታው ግን ወር በገባ በ16፣ ከሁሉም በላይ በየካቲት 16 ነው፤ ቀኑም ሰኞ ይዋል ረቡዕ አይመርጥም። ልጥፎችን በሳምንት ቀናትና በፈረንጆች ወራት እየደመረ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይህን ቀን በተለያዩ ዓምዶች መካከል በትኖ ያጠፋዋል።